ሙሉ ሄዶ ሙሉ የሚመለስ ፉርጎ



ባለፈው ቅዳሜ ማምሻውን ከዚራ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ከምትገኝ አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዚች ከተማ ሰው ወደ ደጅ የሚወጣው የቀኑ ሐሩር ሲበርድ ነው፤ ቁም ነገሩም ቀልዱም የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከአጠገቤ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወጣቶች የእጅ ስልክ ከብርጭቆ ላይ አስደግፈው ሙዚቃ ያዳምጣሉ። ሳክስፎኑ ምስጢር እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ ጊታርና ከበሮም ለስለስ ባለ ምት ይከተሉታል። የሰው ጨዋታ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ባውቅም፣ ሙዚቃው ጆሮዬን ወደነሱ ሳበው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ከተቀጠረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ታናሽየው ተማሪ ነው። ተማሪው ከሦስት ጓደኞቹ ጋራ አንዲት ትንሽ የሙዚቃ ጓድ አቋቁሟል። በቅርቡ እኅታቸው ስትዳር፣ ነፍሳቸውን ይማርና አባታቸው ማታ ማታ ያንጎራጉሩት የነበረውን ዜማ በሳክስፎን ሊነፋላት አስቧል፤ ነገር ግን ከዜማው ሥር የሚገባው ምት ያ በስልኩ የሚሰማው የብራዚል ምት እንዲሆን ይፈልጋል። የጠቡ መነሻ ይኸው ነው።

«ከደመወዜ እየቆረጥኩ ያን አሮጌ ሳክስፎን የገዛሁልህ የብራዚል ዳንኪራ እንድትነፋበት ነው?» አለ ታላቅየው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም? አባታችን በመቃብር ሆኖ ዜማውን ቢሰማው ያውቀዋል?»

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ ዜማውን አልጣልኩትም። ምቱን ብቻ ነው የለወጥኩት» አለ ታናሽየው። «ደግሞስ ዜማው እንዲያው እንዳለ ተቀምጦ ማን ያስታውሰዋል? ዛሬ እኔና አንተ ብቻ ነን የምናውቀው።»

ይህ የመጨረሻው ቃል ታላቅየውን ዝም አሰኘው። ጥቂት ቆይቶም ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ስንጨቃጨቅ ሰምተውናል፤ እንግዲያስ እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ። ዳኛ ሳያጣራ አይፈርድምና የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ሰጠኋቸው። ፍርዱን በዚህ ገጽ እንደሚያነቡትም ቃል ገባሁ። እነሆ፣ ውድ አንባቢዎች፣ ጉዳዩ የሁለት ወንድማማቾች ብቻ ስላልሆነ እናንተም አብራችሁ ስሙት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በመጀመሪያ በስልኩ ይሰማ ስለነበረው ሙዚቃ ልንገራችሁ። ሸክላው «ጃዝ ሳምባ» ይባላል። በ1961 ቻርሊ በርድ የተባለ አሜሪካዊ የጊታር ተጫዋች የአገሩ መንግሥት ባሰናዳው ጉዞ ደቡብ አሜሪካን ሲዞር ብራዚል ደረሰ፤ በዚያም «ቦሳ ኖቫ» የሚባለውን፣ ትርጓሜውም «አዲስ ስልት» እንደ ማለት የሆነውን ሙዚቃ ሰማና ልቡ ተነካ። ሲመለስ ሸክላዎቹን ለሳክስፎን ተጫዋቹ ለስታን ጌትስ አሰማው። ሁለቱም ከጓደኞቻቸው ጋራ ሆነው በየካቲት 13 ቀን 1962 በዋሽንግተን ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ሰባት ዜማዎች ቀረጹ። ሥራው በአንድ ቀን አለቀ። በ1963 ይህ ሸክላ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ፤ ለጃዝ ሸክላ ይህ ብዙ ጊዜ የማይደርስ ዕድል ነው።

ምቱስ ምን ዓይነት ነው? መምህር ሳያስፈልጋችሁ በጠረጴዛ ላይ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በአውራ ጣታችሁ እንደ ልብ ትርታ ሳትፋጠኑ «አንድ፣ ሁለት፤ አንድ፣ ሁለት» እያላችሁ ምቱ። አሁን በቀሩት ጣቶቻችሁ አውራ ጣት ከሚመታበት ጊዜ ጥቂት ቀደም ወይም ጥቂት ዘግየት እያላችሁ ንኩት። አውራ ጣት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ጣቶች ግን መንገድ ላይ እንደሚጫወት ልጅ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ሆኖም ቤታቸው የሚደርሱት እኩል ነው። የቦሳ ኖቫ ጊታር አመታት በአጭሩ ይኸው ነው። እኛም ዘንድ ቢሆን በችክችካ ምት እግር ሁለት ሲቆጥር እጅ ሦስት ይቆጥራልና፣ የኢትዮጵያ ጆሮ ለእንዲህ ያለው ጨዋታ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ ታላቅየው ወንድም «የሰው ወርቅ» ያለውን ነገር እንመርምር። ይህ ወርቅ የማን ነው? ቦሳ ኖቫ የተወለደው በ1950ዎቹ ማለቂያ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ነው፤ ከአባቶቹም አንዱ ጊታር ተጫዋቹና ዘፋኙ ዦአዎ ዢልቤርቶ፣ ሌላው የዜማ ደራሲው አንቶኒዮ ካርሎስ ዦቢም ናቸው። ቦሳ ኖቫ የሳምባ ልጅ ነው። ሳምባ ደግሞ ከአፍሪቃ በባርነት ተግዘው ወደ ብራዚል የተወሰዱ ሰዎች ልጆች ያበጁት ነው። ከአራት ሚሊዮን የሚበልጡ አፍሪቃውያን በመርከብ ታጭቀው ወደዚያች አገር ተወስደዋል፤ ብራዚል ባርነትን የሻረችው በ1888 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሳምባ ተጫዋቾችን ፖሊስ ያሳድዳቸው ነበር። እንግዲህ ያ በሻይ ቤቱ ለስለስ ብሎ የተሰማን ምት በስተ መጨረሻው ሥሩ ቢቆፈር የሚገኘው በዚሁ በኛ ክፍለ ዓለም፣ በአትላንቲክ ዳርቻ ነው።

ደግሞስ ሳክስፎን ራሱ የማን ነው? የብራዚል አይደለም፤ የአሜሪካም አይደለም፤ የኛም አይደለም። አዶልፍ ሳክስ የተባለ የቤልጅግ ተወላጅ ፈልስፎ በ1846 በፓሪስ የባለቤትነት መብት ያወጣበት መሣሪያ ነው። ታላቅየው ወንድም በገዛ ደመወዙ የገዛው የሰው ወርቅ እንደ ነበር ልብ ይሏል።

ይሁን እንጂ ታላቅየውን ቸኩለን አንርታው፤ ሥጋቱ ባዶ አይደለምና። ከ«ጃዝ ሳምባ» በኋላ ስታን ጌትስ በ1963 ከራሱ ከዦአዎ ዢልቤርቶና ከዦቢም ጋራ ሆኖ ሌላ ሸክላ ቀረጸ፤ ይህም በ1964 ወጥቶ በማግሥቱ ዓመት በአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ የግራሚ ሽልማት አገኘ። በዚያ ሸክላ ላይ ስለ ኢፓኔማ ልጃገረድ የሚናገረውን ዘፈን መጀመሪያ ዦአዎ በፖርቱጋል ቋንቋ፣ ቀጥሎም ባለቤቱ አስትሩድ በእንግሊዝኛ ይዘፍኑታል። ዘፈኑ ለብቻው በትንሽ ሸክላ ሲወጣ ግን አጭር እንዲሆን ተብሎ የዦአዎ ድምፅ ተቆርጦ ወጣ። አያችሁልኝ? ምቱን ከእናቱ ጓዳ ያወጣው ሰው ከገበያው በር ላይ ቀረ። የአስትሩድም ስም በትልቁ ሸክላ የፊት ሽፋን ላይ አልተጻፈም። እንግዲህ መዋዋስ ሁሉ ደግ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ውሰት በስም ካልተጠራ ቅሚያን ይመስላል።

ታዲያ ጥሩውን ውሰት ከመጥፎው በምን እንለየዋለን? መልሱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፤ ከሻይ ቤቱ ተነሥቼ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አዘገምኩ።

ከተማችን የሐዲድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ዛሬ የጥንቱ ባቡር ሥራ በአብዛኛው ቆሞ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቶበታል። ቢሆንም የቀድሞው ትምህርት አልተረሳም፦ ቡናና ቆዳ ጭኖ ወደ ባሕር የወረደው ፉርጎ ጨርቃ ጨርቅና ብረታ ብረት ይዞ ይመለስ ነበር። ሙሉ ሄዶ ሙሉ የተመለሰ ፉርጎ ነጋዴውን ያከብረዋል፤ ባዶውን የሄደ ግን ሲመለስ የሚጭነው ሁሉ ዕዳ ነው። ሙዚቃም እንዲሁ ነው። ወደ ሰው አገር ምት የሚሄድ ሙዚቀኛ በመጀመሪያ የራሱን ጭነት መጫን አለበት።

ስታን ጌትስ ወደ ብራዚል ምት ባዶውን አልሄደም። ያን ለስላሳ የሳክስፎን ድምፁን ከቦሳ ኖቫ አልተማረውም፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የታወቀበት የገዛ ራሱ ትንፋሽ ነበር። ለዚህ ነው ከብራዚል ሰዎች መካከል ቆሞ እንኳ በመጀመሪያው ኖታ የሚለየው።

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን እንመለስ። በ1943 በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የአውሮፕላን ምሕንድስና እንዲማር ታስቦ ነበር፤ ሙዚቃ ግን አሸነፈችው። በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ በኋላም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በበርክሊ ተማረ። ከዚያም ኒው ዮርክ ገብቶ በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት ሸክላዎች አወጣ። በዚህ ሸክላ ላይ ዋነኛው መሣሪያ ሳክስፎን አይደለም፤ ቫይብራፎን ነው። ምቱም ለብራዚል የአጎት ልጅ የሚሆነው የኩባና የፖርቶ ሪኮ ምት ነው። ነገር ግን ለፍርዳችን ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ሙላቱ የላቲን ሙዚቃ አዋቂዎችን ሰብስቦ ጓዱን «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» ብሎ ሰየመው። ከዜማዎቹ አንዱ «አይፈራም ጋሜ አይፈራም» የሚል ስም አለው። ይህ የኛው የጀግና ዜማ መሆኑን ማናችሁም አታጡትም፤ ጋሜ ማለት ገና ጐፈሬውን ያላበጠረ ለጋ ልጅ ነው። ታዲያ በሸክላው ላይ ይህ የፉከራ ዜማ የሚዘፈነው በምን ቋንቋ ይመስላችኋል? በስፓኒሽ! ከሥሩም የሚመታው የላቲን ከበሮ ነው። በልባችሁ «ይህስ በዛ» ትሉ ይሆናል፤ ነገር ግን ስሙት። ቋንቋው ተለውጦ፣ ምቱ ተለውጦ፣ አገሩ ተለውጦ፣ ጋሜው ጋሜ ነው። ፉርጎው ሙሉ ሆኖ ሄዷልና።

ሙላቱ በኋላ «ኢትዮ ጃዝ» ብሎ የሰየመው ስልትም ምስጢሩ ከዚሁ የራቀ አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ የጃዝ ሙዚቃ ደግሞ በአሥራ ሁለት ድምፆች ይሠራል። አሥራ ሁለቱ ሰፊ ቤት ናቸው፤ አምስቱ ግን በግድየለሽነት ከተለቀቁ በዚያ ቤት ውስጥ ጠፍተው የሚቀሩ እንግዶች ናቸው። የሙላቱ ድካም አምስቱ ሳይጠፉ ከአሥራ ሁለቱ ጋራ እንዲነጋገሩ ማድረግ ነበር። ይህም በችኮላ የሚሆን አይደለም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

ሁለተኛው ምስክሬ የሳክስፎኑ ሰው ጌታቸው መኩሪያ ነው። በ1935 በይፋት ተወለደ፤ ልጅ ሳለ ክራርና መሰንቆ ተጫወተ፤ በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠራ። ጌታቸው የተዋሰው የሰውን ምት ሳይሆን የሰውን መሣሪያ ነው። በቤልጅጉ ሰው ቧንቧ ውስጥ የከተተው ትንፋሽ ግን የሸላይ ትንፋሽ ነበር። ጦረኛው በሜዳ ላይ እየተንጐራደደ የሚያሰማውን ሽለላ፣ ያን የጉሮሮ መንቀጥቀጥና ያን ድንገተኛ ጩኸት በሳክስፎን አወጣው። በ1972 የወጣው ሸክላ «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» ተብሎ የተሰየመው በከንቱ አይደለም። ዓመታት ካለፉ በኋላ የኔዘርላንድ የሮክ ተጫዋቾች የሆኑት «ዘ ኤክስ» ፈልገውት መጡና በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። ያን ጊዜ ጌታቸው የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበር። ፈረንጆቹ ወደ እርሱ የመጡት እንደነሱ ስለነፋ ነውን? አይደለም፤ እነሱ ዘንድ የሌለ ጭነት ስለነበረው ነው። ጌታቸው በ2016 ዐረፈ፤ ሽለላው ግን ዛሬም በሳክስፎን ይሰማል።

ሦስተኛውን ምስክር ከዚሁ ከድሬዳዋ ልጥራ። የዚህችው ከተማ ልጅ ዓሊ ቢራ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ገና በልጅነቱ መዝፈን ጀመረ፤ የኦሮምኛ ዘፈን መድረክ ለማግኘት ብዙ በሚቸገርበት ዘመን ማለት ነው። ዑድ የዐረቦች ነው፤ ጊታር የፈረንጆች ነው፤ ዓሊ ግን ሁለቱንም ይዞ በኦሮምኛ ዘፈነ። በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛና በአማርኛም ዘፍኗል። በ2022 ሲያርፍ ያለቀሱለት ሰዎች በአንድ ቋንቋ ብቻ አላለቀሱም። ከደቻቱ ወዲህና ወዲያ፣ ከከዚራ እስከ መጋላ፣ በቀፊራ ገበያ በአንድ ሱቅ ውስጥ በሦስት ቋንቋ ዋጋ የሚከራከር ሕዝብ ዘንድ «ይህ የኛ፣ ያ የሰው» የሚለው ድንበር ሁልጊዜ ቀጭን ነው። ቀጭን ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ፍርዱ።

ለታላቅየው ወንድም፦ ምሳሌህ እውነት ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም። የማያደምቀው ግን የራሱ ልብስ የሌለውን ሰው ነው። የራሱን ልብስ በሚገባ የለበሰ ሰው ከጎረቤቱ አንዲት ጌጥ ተውሶ ቢያጠልቅ ማንም አይስቅበትም። ሙዚቃን እንደ ታሸገ ዕቃ በሣጥን ቆልፈህ ብታስቀምጠው ካንተ በቀር ማን ይሰማዋል? ወንድምህ «እኔና አንተ ብቻ ነን የምናውቀው» ያለህን ቃል አትርሳው።

ለታናሽየው፦ ዜማውን አልጣልኩትም ብለሃል። እስቲ እንይ። ከሠርጉ በፊት ሦስት ነገር አዝሃለሁ። አንደኛ፣ ያለ ጊታር፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ ብራዚል፣ የአባትህን ዜማ ብቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንፋው። አባትህ ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ፣ ድምፃቸውን ሰበር የሚያደርጉበትን ቦታ ሳይቀር አጥና። ሁለተኛ፣ የብራዚሉን ምት ከላይ ከላይ አትልቀመው፤ ዦአዎ ዢልቤርቶ ጊታሩን እንዴት እንደሚመታ ተቀምጠህ አድምጥ፤ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ለይተህ እስክትሰማው ድረስ። ሦስተኛ፣ በሠርጉ ዕለት ከመንፋትህ በፊት ዜማው የአባትህ፣ ምቱ የብራዚል መሆኑን ለሕዝቡ ተናገር። ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ደቂቃም አይፈጅም። ባለቤቱን በስሙ የጠራ ሰው ቀማኛ አይባልም።

ለእናንተም፣ ውድ አንባቢዎች፣ ይህ ነገር በሙዚቃ ብቻ የሚቀር እንዳይመስላችሁ። ተማሪው ከሰው አገር መጽሐፍ ሲማር፣ ወጣቱ ሠራተኛ የሰው አገር አሠራር በመሥሪያ ቤቱ ሊያስገባ ሲነሣ፣ ጥያቄው ያው ነው። «እኔ ምን ጭኜ ሄድኩ?» ብሎ ራሱን የጠየቀ ሰው የሚያመጣውንም መምረጥ ያውቅበታል።

ደመወዛችሁን ሳትነኩ አንድ ምሽት ልታሳልፉ ብትፈልጉ፣ እነዚህን በተራ አድምጡ። መጀመሪያ «ጃዝ ሳምባ»ን፤ ቀጥሎ የሙላቱን «አፍሮ ላቲን ሶል»፤ በመጨረሻም የጌታቸውን ሽለላ። የመጀመሪያው ያሳርፋችኋል፤ ሁለተኛው እግራችሁን ያንቀሳቅሰዋል፤ ሦስተኛው ከተቀመጣችሁበት ያስነሣችኋል። ከሦስቱ የትኛው የራሱን ጭነት ይበልጥ እንደ ያዘ የየራሳችሁን ፍርድ ጻፉልኝ።

ወንድማማቾቹን በተመለከተ አንድ ነገር ቀረ። ፍርድ ያለ ማስረጃ አይጸናምና የመጨረሻዋን ዳኛ ልጥቀስ። ታናሽየው ዜማውን ከነብራዚል ምቱ አንድ ቀን ከሠርጉ በፊት በቤታቸው ሳሎን ይንፋው። እናታቸው ግን ምን እንደሚነፋ አይነገራቸው፤ በጓዳ ሥራቸውን ይሥሩ። ዜማውን ሰምተው ሥራቸውን ትተው ከወጡ ምቱ ይግባ፤ ካልወጡ ምቱ ይቅር። ወንድማማቾቹ ሁለቱም በዚህ ተስማምተዋል። እኔም ተጋብዣለሁ፤ የቡናውን ወጪ እችላለሁ ብያለሁ።

የሳምንት ሰው ይበለን።